የሞራ ጆሮ

ስቴይንቮር በጓንቷ ጣት ጆሮ ትቆጥራለች።
ቁራጭ ጆሮ ነው፤ የምስር ፍሬ አያህልም፤
በየብልቃጡ ተዘፍቋል፣ ምንም አይሰማም።
አራት መቶ አሥራ ሁለት፣
ከሰሜን አይስላንድ፣ ከህራፍናዳሉር ሸለቆ፣
በጥቅምት መጨረሻ፣ በረዶው ሳይጠና፣
በአንድ ቀን የመጡ።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት በግ ጉልበት ነው።
ኦድጌይር ድርቆሽ ሲያድል አንዷ ወደ ኋላ ቀረች፤
ጀርባዋን በጥፍሩ ቢያክላት
አየር ትልስ ጀመር፣ ከንፈሯ ብቻውን እያወራ።
አባቱ የሚያውቀው፣ አያቱም የሚያውቁት ነው፤
በነሱ አገር «ሪዳ» ይሉታል፤ መንቀጥቀጥ ማለት ነው።
ማንም አላየውም ነበር። መደበቅ ይችል ነበር።
ስልኩን አንሥቶ ራሱ ደወለ።

ባክቴሪያ አይደለም ይኼ፣ ቫይረስም አይደለ፣
መድኃኒት የሚገድለው ነፍስ እንኳ የለው፤
አስተጣጠፉ የተዛባ አንድ ፕሮቲን ነው።
ጎኑ ያለውን ያጥፋል፣ ያም የጎኑን ያጥፋል፣
ቃሉን እንደሚያጥፍ ሰው
አጥፎ አጥፎ ያጠፋል።
አፈር አይበላውም፤
ሰው ረስቶት፣ በግ ረስቶት፣
ሃያ ዓመት ቆይቶ ከሣር ሥር ይነሣል።

ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፦ አንዷ ከታመመች፣ ሁሉም።
ኦድጌይር አልተከራከረም። አንድ ነገር ብቻ ለመነ፦
ከቁጥራቸው ጎን ስማቸው ይጻፍ።
ቅጹ ቦታ የለውም፤ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ
ሌሊቱን ሙሉ እሱው ጻፈ።
ፍሌካ። ግራና። ህሪማ። አሮጊቷ ስኔልዳ።
ከአንዷ ስም ሥር አስምሮ
«በር ትከፍታለች፣ ተጠንቀቁ» ብሏል፤
ለማን ይሆን?

ቁጥር ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት፣ ሞራ።
በነሱ ቋንቋ ቡናማ ማለት ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።
እኔ ግን የኛን ሞራ እንዴት ልርሳ፦
አዋቂው ከታረደ በግ ሆድ አውጥቶ፣
ወደ ብርሃን ዘርግቶ፣
የሚመጣውን ዘመን በስቡ ላይ ያነብ የነበረውን።
ስቴይንቮርም ያው ናት፣
ነጭ ካፖርት የለበሰች ሞራ ገላጭ።

ትከፍታለች ብልቃጥ፣ ትዘጋለች በተራ፣
ስድስት ሳምንት ሙሉ ይኸው ነው የሷ ሥራ፣
ከዘረመሉ ጽሑፍ የፊደል ቆጠራ።
የምትፈልጋት አንዲት ፊደል ናት፣ በሌላ የተተካች፤
እሷን የያዘች በግ ጉልበቷ አይታጠፍም ይላሉ።
በዚህ ደሴት ግን የለችም ተብሎ መዝገቡ ተዘግቷል፤
አስተማሪዋ እንኳ «ተይው» ብለዋታል።

ታኅሣሥ ሲጠባ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ማሽኑ እንደ ወትሮው እያጉረመረመ
አንድ መስመር አወጣ።
ደገመችው።
ሌላ ቁራጭ ቆርጣ፣ ሌላ ጓንት አጥልቃ፣ ሠለሰችው።
ፊደሏ አለች።
ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት። ወደ ኅዳጉ አየች፦
ያቺው፣ የተሰመረባት።
እሳት ከበላት ዛሬ አርባዋ ነው።
ስቅታ የመሰለ ሳቅ ሳቀች፤
ከዚያ ወንበር ፈለገች።

በዚያ ወር እዚያ አገር ንጋት የሚባል ነገር የለም፤
ነቅቷል ብላ በገመተችው ሰዓት ደወለችለት።
ዝም። በስልኩ ውስጥ ንፋስ ብቻ።
«ቡናማዋን ነው?» አለ በኋላ።
«መንታ ነበራት። አንዱ ከተራራ ወረደ፣
አብሯት ሄደ።
አንዷን መስከረም ላይ ፈልገን አጣናት።»
ደግሞ ዝም።
«በረቱ ተቃጥሏል፤ የቀረኝ የብረት በሩ ነው፣
ግድግዳ የሌለው በር።
ማታ ማታ ወጥቼ እከፍተዋለሁ።
ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።»

ስቴይንቮር አልጠየቀችም።
የመኪናዋን መስታወት በረዶ ፋቀች፤
አንድ ብልቃጥ ኪሷ ከትታ
ወደ ሰሜን ነዳች፤
እንዳይቀዘቅዝ በአንድ እጇ ጨብጣዋለች፣
ባዶ መሆኑን እያወቀች።