ሲጥሲጥታ

ቮልቮዋ በዕድሜ ከእኔ በሁለት ዓመት ታንሳለች፤
አባቴ ሲነዳት ኖሮ፣ ዐይኑ ሲከዳው ለእኔ ደረሰች።
ሶርሴሌ ኅዳር ሲገባ ወንዙ ድምፁን ይውጣል፤
ብረት የነካ ጣት ቆዳውን ጥሎ ይወጣል።

የማሞቂያዋ ማራገቢያ ሁለት በረዶ ሙሉ ጮኸ፤
መጀመሪያ ዘይት እንዳጣ በር፣
ኋላ ሳህን እንደሚፍቅ ቢላ፣
ኋላ ደግሞ፣ በጥር አንድ ማለዳ፣
ጭጭ።

እስትንፋሴ መስታወቱን አልፎ አልሄደም፤ እዚያው በረዶ ሆነ።
በቤተ መጻሕፍት ካርዴ እየፋቅሁ
የሳንቲም ታህል ጉድጓድ ከፈትኩና፣
ባንድ ዐይን፣ በዚያች ጉድጓድ፣ ከደጅ ደጅ
ለሽማግሌዎቹ ክኒን አደልሁ።
መሀል መንገድ የቆመውን አጋዘን ያየሁት
ቀንዱ ኮፈኑን ሊነካ ስንዝር ሲቀረው ነው።
ወይዘሮ ጉድሩን እጄን ይዘው፣ «ውይ፣ ብረት ሆነሻል» አሉ፤
«መኪናም ሰውም ሲያረጅ መጀመሪያ እግሩን ይበርደዋል።»

«ጋራዥ አስገቢያት» አለ አባቴ፣ ነገሬን ሁሉ ሰምቶ፤
ባልዲ ደፍቶ ተቀመጠ፣ ዱላውን ጉልበቱ መሀል ሰክቶ።
«አላያትም እንጂ፣ እሰማታለሁ።

«ፊውዙን አውጪው።» አወጣሁት፤ ክሩ ደኅና ነው፣ አልተበጠሰም።
«ማዞሪያውን በአራቱም ሞክሪ።» ሞከርኩ፤ አንዱም አልተነፈሰም።
«አራተኛው ብቻ ቢሠራ ጥፋቱ የሬዚስተንሱ ነበር፤
አራቱም ከለገሙ ግን...»
ከንፈሩን መጠጠ። «ከባትሪ ሽቦ ሳቢ፤
በቀጥታ ስጪው፣ ያለ አማላጅ።»
ሰጠሁት። ዝም።
«እንግዲህ በቡጢ!»
ክሩስኮቱን ነረትኩት። እርር ብሎ ሁለቴ ዞረና ቆመ።
«ነፍስ አለው» አለ አባቴ፤ «ካርቦኑ ነው ያለቀ፣
ኩሽኔታውም በጥም የደረቀ።»

ጎረቤታችን ቶርግኒ መፍቻ ይዞ መጣ፣ እየሳቀ፦
«ሠሪዎቿ ማራገቢያውን አየር ላይ ሰቅለው ነው
መኪናዋን በልኩ የሰፉለት።»
እውነቱን ነው። ወንበር ወጣ፣ ሬዲዮ ወጣ፣ የአየር ቱቦው ሁሉ ወጣ፤
ካቻቪቴ በማይደርስበት ጣቴ ደማ።
ሁለት ቀን፣ ቡሎን በቡሎን፣
በእንቁላል ካርቶን ደረደርኩ፣ እንዳይምታታብኝ።

ከሬዲዮው ጀርባ ማንኪያ መሳይ የዓሣ መንጠቆ ወደቀ።
አባቴ ተቀብሎ መዳፉ ላይ ዳሰሰው፣ አገላበጠው።
«ኤርላንድ ሰረቀኝ ብዬ» አለ፣ «ዘጠኝ ዓመት አላናገርኩትም።»
ቶርግኒ አቀረቀረ።
ኤርላንድ አባቱ ነበር።
መንጠቆውን ኪሱ ከተተና፣ መፍቻ አንሥቶ ቀጠለ።

ሞተሩ በመጨረሻ እጄ ገባ፤ ግራና ቀኙ ላይ መንኮራኩር፣
በመንኮራኩሩ ጥርስ መሀል የስንት መጸው ቅጠል ተፈጭቶ።
ካርቦኑ አልቆ አልቆ የጥፍር ቁራጭ አክሏል፤
አዲስ እንዳንገዛለት፣ የሚሸጥበት ሱቅ ከእኛ በፊት ተዘግቷል።
ቶርግኒ ከሞተ መሰርሰሪያው ሁለት ካርቦን ነቅሎ አመጣ፤
በብርጭቆ ወረቀት ሞረደው፣ ሞረደው፣ ልክ እስኪመጣ።

«ዘይቱን ለእኔ» አለ አባቴ።
እኔ በባትሪ መብራት ያላየኋትን ቀዳዳ
ጣቱ ሄዶ አገኛት።
«አንድ። ሁለት።
ሦስተኛዋ ጠብታ ጥጋብ ናት፤ አቧራ ትጠራለች።»

ስንገጥም አንድ ቡሎን ተረፈ። ማንም ነገሩን አላነሣ።

በማግስቱ መስታወቱ ከግርጌው ጀምሮ ቀስ እያለ ጠራ፤
ሙቀቱ ጉልበቴ ላይ ተኛ፣ እንደ ድመት፣ ኮሽ ሳይል።
መንገዱን ሙሉውን አየሁት፤ ይህን ያህል ሰፊ ነበር እንዴ?

ማታ ደጃፍ አቆምኩ። በሩን ከፈትኩ።
አባቴ ጨለማው ውስጥ ዱላውን አነሣ፦
«ማነህ?»
«እኔ ነኝ።»
«እኔ ማን?»
ምድጃው ላይ ድስት የለም።

ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ በጩኸቱ ስማረር፣
እሱ ሲጥሲጥታዬን ከድልድዩ ሲሰማ ድንች ይጥድ ነበር።

አሁን ድልድዩ ጋ ስደርስ ጡሩምባውን አንዴ እነካለሁ።
እራቱ ይደርሳል። ሳህኑን ሲያቀብለኝ ግን፣ ሁልጊዜ፦
«ሶልቬይ፣ ድምፅሽ ጎርንኗል፤
ብርድ መታሽ እንዴ?»