የት ላይ ይመችሃል?

ረቡዕ ከሰዓት ነው። ዝናቡ ሳያባራ
ሰበታ፥ ሱቄ ገባ ሐኪሙ ዋቅጅራ፤
ጠፍርና ልጓም የሞላ ጠረጴዛዬን
ገለል አድርጎ ፈታ፥ በጋዜጣ የጠቀለለውን።

ሽጉጥ ነው፤ ትንሽዬ፤ ከመዳፍ የማይበልጥ፥
ጥይቱም ሽምብራ፥ ከጣት የሚያመልጥ፤
አፈሙዙ ላይ ግን ስንዝር ሙሉ ቱቦ፥
ጩኸቱን ከአፉ ላይ የሚይዝ ሸብቦ።
«ይኼም ልጓም ነው» አለኝ፥ «አንተ እንደምትሠራው፤
ፈረስ ግን አይደለም፥ እሳት ነው የሚገራው።»

ሥራውን አውቃለሁ።
ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ጋሪ ሲከስር
ጀርባው የመገለ፥ የማይሸጥ፥ የማይታሰር
ፈረስ ይለቀቃል ሌሊት ከአስፋልት ዳር፤
ሲኖትራክ ያገኘዋል።
ጎህ ሲቀድ እግሩ የለም፥ ዐይኑ ግን ይንከራተታል።
የሚያስተኛው መርፌ ከጠፋ ከረመ፤
ዋቅጅራን ይጠሩታል፥ ሰዉ ከብቦ እየቆመ።

«ወገቤ ላይ ሳስረው፥ በርከክ ስል ቱቦው ጭኔን ይወጋል፤
ብብቴ ሥር ስሰቅለው፥ ክንዴ ከፍ ሲል አይቶ ፈረሱ ይደነግጣል፤
ናይለኑንም ሞክሬ ነበር፥ የመርካቶውን፥ አንገት ይገዘግዛል።
ኋላ ሌላ አገኘሁ፥ ለወታደር የተሰፋ፥
ደረት ላይ የሚያርፍ፥ ማንገቻው የሰፋ፤
መቼም እንደሱ ያለ ምቾት አይቼ አላውቅም፥
ክዳኑን ስከፍተው ግን፥ ቸርርርር! ዝም አይልም።
አስበው እንግዲህ!
ድምፅ የሌለው ሞት ይዤ፥ አፎቱ ይጮሃል፥
የተሰበረው ፈረስ ልነሣ ይላል።
ደረት ላይ ሥራልኝ አንተ፥ በቆዳ፤
ግራ እጄ ልጓሙን፥ ቀኝ እጄ ግንባሩን ሲያሻሽ ይቆያል፤
እስኪረጋ ነው ሁሉም።»

ቆርቆሮውን ዝናብ ደበደበው፤ ቆየሁ።
ሜትሬን አወጣሁ፤ ትከሻውን፥ ጎድኑን ለካሁ።
«ተንፍስ» አልኩት፥ ተነፈሰ። «እዚህ ጋ ይመችሃል?»
«ከልቤ ራቅ አርገው። ሲመታ ይሰማኛል።»

የበጉን ሌጦ ሳየው ልፍስፍስ ነው፥ ይታጠፋል፤
የፍየሉ ሲጢጥ ይላል፤
የበሬው ዝናብ ጠጥቶ እንደ ዕዳ ይከብዳል።
እጄ ወደ ምስማሩ ሄደ፥
ዐሥራ አራት ዓመት ማንም ወዳልነካው፥
ላብ አለስልሶ ወደ ጨረሰው
ወደ ቦራ የደረት ጠፍር።

ቦራ የአባቴ ነበር። እዚሁ ዳገቱ ላይ የወደቀ ዕለት
ሚሊሻው ራራና በክላሽ ተኮሰበት፤
አንዴ፥ ደግሞ አንዴ፥ ደግሞ።
የፌርማታው ፈረስ ሁሉ ከነጋሪው ፈረጠጠ፥
የአንዲት ሴት ጤፍ ጭቃ ላይ ተገለበጠ፤
አባቴ ዐይኑን አልሸፈነም፥ ጆሮውን ነው የያዘ፤
በር በተላተመ ቁጥር ፊቱ እየፈዘዘ
ሰባት ዓመት ኖረ።

ክሩን ሰም አስነካሁት። ዘለበቱን ተውኩት፥ ብረት ያቃጭላል፤
በቆዳ ቋጠሮ ዘጋሁ፥ አውራ ጣት ሲነካው ዝም ብሎ ይፈታል።
ውስጡን በግላስ ለበጥኩ፤ እሱም የቦራ ነው።
ይኼን አልነገርኩትም።

ቅዳሜ መጣ። አጠለቀው። ተንበረከከ፥ ተነሣ፥ ጎነበሰ፥
አወጣው፤ ኮሽታ የለም። መለሰው፤ ደግሞ አወጣ፥ ደግሞ መለሰ።
«ተመቸህ?»
«ለትከሻዬስ ተመቸኝ።»
ቦርሳውን ሲያወጣ የክሩን ብቻ ተቀበልኩ፤
የቆዳውን ዋጋ እኔም አላወቅሁ።

ደጅ ላይ አንዲት ባዝራ፥ ሲሚንቶ የጫነች፥
አንገቷን ሰገግ አድርጋ ደረቱን አሸተተች፤
ቆየች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠፍሩ ላይ፥
እንዲያው አሳረፈችው። እሱም ቀና ብሎ ወደ ሰማይ፥
እጁን ሳያነሣ፥ ባለቤቷ እስኪጎትታት ቆመ።
ከማዶ ወያላው፥ ሚኒባሱ አልሞላ ብሎት፥ ይጮሃል፦
«ዓለም ገና! ገና፥ ገና!»