ጎንበስ ብሎ ማንሳት

ሦስት ዓመት ሙሉ ሳንቲም አጠራቅሜ፣
ባንፍ ልሄድ ነበር፣ ተራራውን አልሜ፤
ሰማያዊ ሐይቅ፣ አናቱ ነጭ ድንጋይ፣
ቀን መቁጠሪያው ላይ ዘወትር የማይ።

ዋዜማው ዕለት ግን መኪናዬ ታመመች፣
ማርሿ አልገባ ብሎ መንገድ ዳር ቀረች።
ጋራዡ ሒሳቡን ጽፎ ሲያቀብለኝ፣
ተራራ ነው ያየሁት፤ ቁመቱ ገረመኝ።

እናም ቅዳሜ ጧት፣ ከሌሊት ፈረቃ
ስወጣ ከሥጋው፣ ብሩክስ ሳትነቃ፣
ካሜራዬን አንግቤ፣ ንዴቴን ጨምሬ፣
ከቤቴ ጀርባ ወረድኩ፣ ወደ ቦዩ ዞሬ።

የተጣለ ጎማ፣ የሱቅ ጋሪ አንካሳ፣
ቢጫ ውኃ፣ ፊላ፣ ዝገት የበላው ጣሳ።
ስምንት ዓመት አለፍኩት፣ ዓይኔን ሳላሳርፍ፤
ለቆሻሻ ማን ይቆማል፣ ወደ ቤቱ ሲያልፍ?

አንሸራተተኝና በጉልበቴ ወደቅኩ፤
ያን ጊዜ ነው ነገሩን ወርጄ ያወቅኩ።
በጎማው ሆድ ውኃ፣ በውኃው ላይ በረዶ፣
እንደ መነጽር ሳስቶ፣ ስንጥቁ ጫፍ ሄዶ፤
ከሥሩ አንድ አረፋ፣ ከጤፍ የማትበልጥ፣
ፀሐይን ጎርሳ ይዛ፣ ልትውጣት ሳትውጥ።

ትንፋሼን ዋጥኩና ጣቴን አሳረፍኩ።
ቀጭ። ደግሞ ቀጭ። በጭቃው ተንፏቀቅኩ።
ጥቁር ወፍ ከፊላው፣ ትከሻው የቀላ፣
ጮኸብኝ እንደ ዘብ፦ «ዞር በል ወደ ኋላ!»

ጎረቤቴ ዶሪን፣ ከውሻዋ ጋራ፣
«ምን ጣልክ?» አለችኝ ከድልድዩ ስትጣራ።
«ምንም፤ ፎቶ ነው» አልኳት። ሳቀችና አለፈች፤
«የጎማ ፎቶ» ብላ ለውሻዋ ነገረች።

እኔ ግን ቃሉ ላይ ቆሜ ቀረሁ ያን ጧት።
በሷ ቋንቋ ፎቶን «መውሰድ» ነው የሚሉት፤
በኛ ግን ማንሳት ነው፤
እንደ ወደቀ ልጅ፣ እንደ ወደቀ ሳንቲም፣
ጎንበስ ካላሉለት ከመሬት አይነሳም።

ከአርባ አንዱ ፎቶ አርባው ደብዛዛ ነበር።
በቀረችው አንዷ አረፋዋ፣ ፀሐይ፣
ጥጉ ላይ ደግሞ አንድ ጠማማ ጥላ፤
የኔው የሱፍ ኮፍያ።
ከተራራው ሥዕል አጠገብ ሰቀልኳት፣ በትንሹ አዘንብላ።

በግንቦት ማዘጋጃ ቤት ክሬኑን አመጣ፤
ጎማውም ተነሳ፣ ጋሪውም ወጣ።
እነሱም አነሱት፣ እኔም አነሳሁት፤
በማግስቱ ቦዩን ባዶ አገኘሁት።

ያ ወፍ ግን ቦታውን እስካሁን አልለቀቀም፤
ይጮህብኛል ገና። እኔም አልታቀብም።
መኪናዬ ድናለች፣ ባንፍ ግን አልሄድኩም፤
የሱሪዬ ጉልበት፣
ቢታጠብ ቢታጠብ፣ ጭቃው አይለቅም።