ሰባተኛው ዘፈን

ሽምብጥ ነው ስቱዲዮው። ድሮ የዓሣ መጋዘን ነው አሉ፤
ቆሮሶ ቆሮሶ ይላል ዛሬም ግድግዳው ሁሉ።
የእንቁላል ካርቶን ለጥፈን፣ ከየሆቴሉ ሰብስበን፣
የባጃጁን ጩኸት በድርብ ብርድ ልብስ ከልለን፣
በመስከረም ማለቂያ፣ ጣና ጢም ብሎ ሞልቶ፣
አንጓች ደሴ መጣች፣ ክራሯ በማዳበሪያ ከረጢት ገብቶ።

ከስድስቱ አውታሮች አንዱ ተበጥሶባት ኖሮ
በዓሣ መረብ ናይለን ተተክቷል፣ ተወጥሮ፤
እሱ ሲነካ ብቻ ድምፁ ለየት ይላል፣
ውሃ ውስጥ የተያዘ ነገር ያለ ይመስላል።

እኔ ማዳመጫ አጥልቄ፣ ዓይኔን ስክሪን ላይ ተክዬ፣
ትንፋሿን ከየስንኙ መሀል ቆርጬ ጥዬ፣
«ምን አረግኸው?» አለችኝ። «አጸዳሁት።» «መልሰው!
ሳይተነፍስ የሚዘፍን ምን ዓይነት ነው ሰው?»

መለስኩት። ስድስት ዘፈን በሦስት ቀን አለቀ፣
አንዱ ለእሸት በቆሎ፣ አንዱ ለሰው ለራቀ፣
አንዱ ቀበሌ ለተንከራተተችበት ማኅተም
(እኛ ስንሰማው ሳቅን፣ እሷ ግን አልሳቀችም)።

ሰባተኛው የወንድሟ ነው፤ ታንኳ ቀዛፊ የነበረ፣
ከዘጌ እንጨት ጭኖ ሲመላለስ የኖረ።
ደንገል ውሃ ጠጥቶ ሲሰነብት ይከብዳል፤
ይሄን የባሕር ዳር ሕፃን እንኳ ይናገራል።

ሁለተኛው አዝማች ላይ መብራት ጠፋ።

ማሽኑ ሞተ። ማራገቢያው ጸጥ።
አረንጓዴዋ መስመር ድርግም፤ ሁላችን ጨለማ ውስጥ።
አንጓች አላቆመችም።
አላየችም ይሆናል፤ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትዘፍን፤
ወይ አይታ ይሆናል፤ ያኔ ነው የጀመረችው ዋናውን ዘፈን።
ስሙን ጠራችው። በዘፈን ውስጥ ስም እንዲያ አይጠራም፤
ያለ ማዳመጫ ሰማኋት፣ ያለ ሽቦ፣ ያለ ምንም።
ናይለኑ አለቀሰ አልልም፤ ክር ምን ያውቃል ማልቀስ?
እኔ ነኝ፣ በጨለማው ተከልዬ፣ ፊቴን በእጅጌ ሳብስ።

መብራት በነጋታው መጣ፣ ከምሳ በኋላ።
«እንድገመው» አልኳት። «ሰው ስንቴ ይሰምጣል?» ብላ
ስምንተኛውን ጀመረች።

አልበሙ ወጥቷል፤ በፍላሽ እሸጣለሁ፣ መናኸሪያው በር፤
ሰባተኛው ሁለት ደቂቃ ሄዶ ይቆማል፣ ሳይጨርስ ነገር።
ገዢዎች ይዘውት ይመጣሉ፦ «ወንድም፣ ይሄ ተበላሽቷል፤
ቀይርልን።» እቀይራለሁ። እዚያው ጋ ይቆማል።

አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ እጁ የተሰነጠቀ፣
እስኪቋረጥ ቆሞ ሰማ፤ ከተቋረጠም በኋላ ጠበቀ።
ስምንተኛው ሊጀምር ሲል እጄን ያዘኝ።
«ቆይ፤ አልጨረሰችም» አለኝ።