ጥፍር የምታህል ሸሚዝ

ከጎማው ቆዳ ስር ቶኩጂ ላብ ጠጣ፤
በአንገቱ ቀዳዳ ጥቂት ብርሃን መጣ።
ቶኪዮ ከእግሩ ስር፣ ቁመቷ እስከ ጉልበት፤
ጣሪያዋ ካርቶን፣ መስኮቷ ወረቀት።
ድልድዩን በጭራው አንድ ጊዜ ዳበሰ፣
ባቡሩ እንደ ዶቃ ወንዙ ላይ ፈሰሰ።

ግን አንድ ሰገነት ላይ፣ ክር ላይ ተሰጥታ፣
ጥፍር የምታህል ሸሚዝ፣ ከነቁልፏ ተሰፍታ።
ሺገኖ ናት የሰፋቻት። ሰፈሩ የልጅነቷ ነው፤
እሳት በዘነበ ሌሊት ወንድሟ ልብስ ሊያስገባ ወጥቶ ነው የቀረው።

እግሩ አየር ላይ ቆመ።
«ርገጥ እንጂ!» አለ ዳይሬክተሩ።
ከመብራቱ ጀርባ ሺገኖ በዓይኗ «በል» አለችው።
ረገጠ።

ማታ፣ ከአውሬው እግር ላቡን በጣሳ ሲቀዳ፣
ሸሚዟ ተጣብቃ ተገኘች ከቆዳ።
ሺገኖ በመዳፏ ተቀበለቻት፤ አጥባ፣
ለነገው ጥፋት ልታሰጣ።