አጥር አይወረስም

ቡሬ፣ የዩኒየኑ ቢሮ፣ ከመጋዘኑ ራስ፣
በቆሎ ሲራገፍ አቧራው ኪቦርዴን ሲዳብስ፣
«ይታይሽ፣» አሉኝ አቶ ጥላዬ፣ ሥራ አስኪያጁ፣
«ደብዳቤያችን ይመሳሰል እንጂ! ሰው ሁሉ በየፈርጁ፣
አንዱ በቀይ፣ አንዱ በአበባ፣ አንዱ ጥቅስ ጨምሮ
ከግርጌ ስሙን ሲጽፍ ገበያ መሰለ ቢሮ።
አንድ ቅጽ አብጂልን፣ ለአርባ ሰባታችን፤
ስም፣ የአባት ስም፣ ሥራ፣ ስልክ፣ አድራሻችን።»

ሠራሁ። የውጭውን ሣጥን አባት አደረግሁት፤
ፊደሉ ኒያላ፣ ቁመቱ አሥራ አንድ፣ የቅጠል ቀለም ሰጠሁት።
ከውስጡ ያለው ሁሉ፣ ስምም ሆነ ማዕረግ፣
ሳይነግሩት ካባቱ ይወስዳል፤ ይህ ነው የዚያ ዓለም ወግ።
አንዴ ከላይ ከተናገሩ እስከ ታች ይሰማል፤
የራሱ ቃል የሌለው ልጅ ያባቱን ቃል ይለብሳል።
የራሱ ቃል ካለው ግን የቅርቡ ይረታል፤
አያት ቅጠልያ ቢል፣ ልጅ ጥቁር ካለ ጥቁር ይሆናል።

ላክሁት፤ ባሕር ዳር፣ ቅርንጫፉ ጋ፣ ለወይዘሮ ጥሩሰው፤
«ደረሰኝ፣» አለች በስልክ፣ «ግን ምነው ዥጉርጉር አደረግሽው?
ስምሽ ቅጠልያ፣ ስልክሽ ጥቁር፣ የዳር ፊደሉ ኮስሶ፣
አድራሻው ደግሞ ሰማያዊ፣ ከሥሩ መስመር ተንተርሶ።»

የእሷ ኮምፒውተር አሮጌ ነው። ሠንጠረዥ ሲያይ ይደነቁራል፤
ከጓዳ ያለው ልጅ ያባቱ ድምፅ ሳይደርሰው ይቀራል።
ማገናኛውማ ከጥንትም ሰማያዊ ነው ደሙ፤
ማንም ሳይሰጠው ከማሕፀን ይዞት የወጣ ቀለሙ።

ከዚያ ደግሞ አጥሩ።
ቀጭን መስመር፣ ከመስመሩም ወዲህ ጥቂት ባዶ መሬት
ለአባት ሣጥን አበጅቼ፣ ለልጆቹ ይደርሳል ብዬ በየዋህነት።
አልደረሰም። ቀለም ይወረሳል፤ የፊደል ዘር፣ ቁመት ይወረሳል፤
አጥር ግን አይወረስም፣ ኅዳግም። ሁሉ የራሱን ያጥራል።

እዚህ ጋ እጄ ቆመ።

ሽንዲ፣ አምና፣ ያባታችን ተዝካር በወጣ ማግስት፣
ገመድ ይዘን ወረድን፤ ያንማውን ሦስት ጥማድ ለአምስት።
አለቃ ዘገየ፣ በየማዕዘኑ ድንጋይ እየተከሉ፣
«መሬቱን ወረሳችሁ፤ አጥሩን ግን ራሳችሁ እጠሩ» አሉ።
ታላቄ ሳቀ። አባታችን የተከለው ቅንጭብ ዛሬም ቆሟል፤
ግን የዙሪያው ነው። በእኔና በእሱ መካከል ምንም የለም፣ በሬ ያልፋል።

ታናሻችን ስማቸው አልመጣም፤ መተማ ነበር፣ ለሰሊጥ አጨዳ።
ከልጅነቱም አባቴ ሲጠራው አይሰማም፣ እንዳለ ከጓዳ።
ድርሻው ጦም አደረ።
«ይሄ ልጅ ማንን ወጣ?» ይሉ ነበር። አሁን ሳስበው፣
ማንንም አልወጣ፤ ሰማያዊ ነው።

ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። መላው ቀላል ነው፣ አሰልቺ ግን፤
ከላይ የተባለው ይሰማል ብሎ አለመተማመን።
ወደ እያንዳንዱ ክፍል ገብቶ፣ ከጆሮው ሥር ሆኖ መድገም፦
ኒያላ ነህ፣ አሥራ አንድ ነህ፣ ቅጠል ነህ፤ አንዱም ሳይቀር፣ በስም በስም።
ለማገናኛው ግን አንድ ቃል ብቻ በቃው፣ «ውረስ»፤
ቀለም አይጠራም፤ ቀና ብለህ እይ ነው፣ ያባትህን ልበስ።
ለበሰ። ከሥሩ ያለው መስመር ግን እንቢ አለ፤
ለብቻው «ተው» ብዬ ጻፍሁበት፤ ከነቂሙ ኮበለለ።

ማታ፣ መጋዘኑ ተዘግቶ፣ ሚዛኑ ባዶውን ሲወዛወዝ፣
ቅጹ ይሠራ እንደሁ ልሞክር ብዬ፣ ላንድ ሰው ልላክ፣ ለዋዛ ያህል ልጓጓዝ፣
ለስማቸው ጻፍሁለት። ስለ ድርሻው፣ ስለ አረሙ፣
ከግርጌው ይታይሽ አንማው፣ ከነቅጠል ቀለሙ።

በሦስተኛው ቀን መለሰ። ከስልኩ ነው፤ ቅጽ የለው፣ ሣጥን የለው፣
«ድርሻዬን አንቺ እረሺው» ይላል፣ ሌላ ነገር የለው።
ከታች ግን፣ ማንም ሳያዝዘው፣
ስማቸው አንማው።

ቅዳሜ ሽንዲ እወርዳለሁ፤ ቅንጭብ የምቆርጥበት ገጀራ ተውሻለሁ።