የእንጨት ማንኪያ

የግሪምስቢ ዝናብ ከባሕር ነው ሚመጣ፣
በጎን እየገባ አንገትጌ ሊያጠጣ።
ቁጥር አርባ ሰባት በር ላይ ቆሜ ደወሉን ብጫነው
ድምፅ የለም።
«አንኳኪ» አለ ሰው ከውስጥ፣ «ደወሉ ከሞተ ሦስተኛ ክረምቱ ነው።»

ዊልፍሬድ ብላንቻርድ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቱ፣
ኮድ ዓሣ ሲያሳድድ በአይስላንድ በረዶ ያለቀ ወጣትነቱ፤
ጡረታውን ቆርሶ፣ አከራይ አክብሮ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ቤት ኖሯል፣ ከድመት ጋር አብሮ።

መራኝ በጨለማ፣ በጠባቡ መተላለፊያ፤
መብራት ሊያበራልኝ ከኪሱ አወጣ አንድ የእንጨት ማንኪያ።
ማብሪያውን በጫፉ ገፋ፤ አምፖሉ ቦግ አለ።
«ይነክሳል» አለኝ፣
ስለ ጎረቤት ውሻ እንደሚያወራ ሰው፣ ፈገግ እያለ።

«ለአከራይህ አልነገርክም?»
«ብነግረው ያድሳል፤
ካደሰ በኋላ ኪራይ ላይ ይደርሳል።
ማንኪያ ሃምሳ ፔንስ ነው፤ ከእኔ ዕድሜ ይተርፋል።»

ሥራዬን ጀመርኩኝ። ሶኬቱን ፈታሁት፤
ጀርባው ቀልጦ፣ ጠቁሮ፣ እንደ ሻማ ጠብታ ደርቆ አገኘሁት።
የመሬት ሽቦውን፣ ከወረቀቱ ሥር፣ ከልስኑ ጀርባ ብከተለው ብከተለው፣
ጫፉ አየር ላይ ነው፤
ለሰላምታ ተዘርግቶ ማንም ያልጨበጠው እጅ።
ሻወሩም፣ ሽማግሌው እርጥብ ራቁቱን የሚቆምበት፣
ከዚሁ መስመር ነው።

አከራዩ ደወለ፤ ሚስተር ኪትሰን።
«ሎሬይን፣ እባክሽ ወረቀቱን ዛሬ ጨርሺልን።
ቤቱ እንደሆን ቆሟል፣ መብራቱም ይበራል፣
ባለፈው አልፎ የለ? አሁን ምን ይቸግራል?»

ባለፈው?

የፊውዝ ሣጥኑን ክዳን ገለበጥኩት።
ከውስጥ የተለጠፈ፣ ዕድሜ ያወየበው ወረቀት፤
ዓርብ ቀን፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት።
«ተመርምሯል። ደኅና ነው።»
ከሥሩ ፊርማ፣ ጅራቱ ወደ ላይ የሚሮጥ፣ አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው።
የእኔው ነው።

ያን ዓርብ አስታወስኩት። ማለቴ፣ አላስታወስኩትም፤
ሰባት ቤት በአንድ ቀን፤ ፈርም፣ ፈርም፣ ፈርም።
ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤
የታጠቅሁት እኔ፣
የሚፈታው ግን በእሱ ወገብ ላይ ነው።

ዋናውን አጠፋሁ። ማቀዝቀዣው ተንፍሶ ዝም አለ።
ቅጹ ላይ ጻፍኩኝ፦ «አደጋ አለ። አሁኑኑ።»
ምክንያት በሚለው ጠባብ ቦታ
«ያለፈው መርማሪ አላየም» አልኩና ሰረዝኩት፤
«አላየሁም» ብዬ አድምቄ ጻፍኩት።

ለዊልፍም ነገርኩት፣ በባትሪ መብራቴ ፊቱን እያየሁ።
ብዙ ዝም አለ።
«አስታውሳለሁ» አለኝ በኋላ።
«ሻይሽን ሳትጠጪ ነበር የሄድሽ።»
ማንኪያውን አገላብጦ አየው። «ታዲያ ይሄን ምን ላድርገው?»
«ምድጃህ ሲሠራ፣ ገንፎ አማስልበት።»

ባትሪውን ትቼለት ወጣሁ። ዝናቡ እንዳለ ነው።
መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ የድሮውን መዝገብ ገለጥኩ፣
ያን ዓርብ፣ ያን ገጽ፤
ስድስት ቤት ይቀረኛል።